የፎርድ መኪናዎች የካምቢዮ ጉድለትና የማስጠንቀቂያው ወረቀት ታሪክ

ማንኛውም ሾፌር መኪናውን አቁሞ ሲወርድ፥ መኪናው ባቆመበት ስፍራ እንደሚጠብቀው ያምናል። በአሜሪካ አገር ግን በ1970ዎቹ ዓመታት ይህ እምነት በብዙ ቤተ ሰቦች ላይ ሐዘን አስከተለ። ጥፋቱ የሰው ነበርን ወይስ የመኪናው? መንግሥትስ ነገሩን እንዴት ፈጸመው? የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህንን መመርመር ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1965 ራልፍ ኔደር የተባለው ጠበቃ የመኪና ፋብሪካዎችን የሚወቅስ መጽሐፍ አሳተመ። በማግሥቱ ዓመት የመኪናን ደኅንነት የሚመለከት ሕግ ወጣ፤ በ1970ም የሕዝቡን አቤቱታ ተቀብሎ የሚመረምር መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ጉድለት ሲገኝ ፋብሪካው መኪናውን ጠርቶ እንዲያድስ ማስገደድ የሚቻለው በዚህ ሕግ ነው።

ወደዚህ መሥሪያ ቤት ከጎረፉት አቤቱታዎች ዋነኛው ስለ ፎርድ አውቶማቲክ ካምቢዮ ነበር። ካምቢዮው በትንንሽ መኪናዎች ብቻ ሳይሆን በቀላል የጭነት መኪናዎችና እንደ ብሮንኮ ባሉ አገር አቋራጭ መኪናዎችም ይገጠም ነበር። አቤቱታውም እንዲህ ነው፤ ሾፌሩ የማርሹን ዘንግ ወደ ማቆሚያው የገፋው ይመስለዋል፤ ዘንጉ ግን በማቆሚያውና በኋላ ማርሹ መካከል ባለው ጠርዝ ላይ ይቀራል። ሞተሩ እየሠራ ሳለ የሞተሩ ንዝረት ወይም የበር መዘጋት ዘንጉን ያንሸራትተዋል፤ መኪናውም ሾፌር ሳይኖረው ወደ ኋላ ይሄዳል።

በሰኔ 1980 መሥሪያ ቤቱ ጉድለት አለ ሲል የመጀመሪያ ውሳኔውን ሰጠ። እስከዚያ ቀን የደረሱት አቤቱታዎች 23,000 ያህል ነበሩ፤ በእነዚህም 6,000 አደጋዎች፣ 1,710 ቁስለኞችና 98 ሙታን ተመዝግበው ነበር። ከሞቱትም የሚበዙት ዘለው ማምለጥ ያልቻሉ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ነበሩ።

ኩባንያው በበኩሉ፥ ስሕተቱ ዘንጉን አጥብቀው ያላስገቡት፣ የእጅ ፍሬን ያልያዙትና ሞተሩን ያላጠፉት ሾፌሮች ነው ሲል ተከራከረ። ክርክሩ ፈጽሞ ከንቱ አይደለም፤ ሦስቱን ያደረገ ሰው ከአደጋው በዳነ ነበርና። ነገር ግን አንድ ሰው ሲሳሳት ቸልተኛ ይባል ይሆናል፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በአንድ ዓይነት ዕቃ ላይ አንድ ዓይነት ስሕተት ሲሠሩ ግን መመርመር ያለበት ዕቃው ነው።

በታኅሣሥ 30 ቀን 1980 የትራንስፖርት ሚኒስትሩ ኒል ጎልድሽሚት ከኩባንያው ጋር ተስማሙ። በስምምነቱም 23 ሚሊዮን መኪናዎችን ጠርቶ በማደስ ፈንታ፥ ለባለቤቶቹ በመኪናው ውስጥ የሚለጠፍ የማስጠንቀቂያ ወረቀት በፖስታ እንዲላክ ተወሰነ። ኩባንያው በዚያው ዓመት ከ1.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከስሮ ነበር፤ የመንግሥቱም ለውጥ ሦስት ሳምንት ብቻ ቀርቶት ነበር። የተጠቃሚዎች ጠበቃ የሆነ ማኅበር ስምምነቱን በመቃወም ቢከስም፥ የይግባኙ ፍርድ ቤት በ1982 ስምምነቱን አጸናው።

በ2016 የጂፕ ግራንድ ቼሮኪና ሌሎች፥ በጠቅላላው 1.1 ሚሊዮን ያህል መኪናዎች ሾፌሩን በሚያሳስት የማርሽ ዘንግ ምክንያት ተጠሩ። በዚያን ጊዜ ግን ወረቀት መላክ አልበቃም፤ ሾፌሩ ሲወርድ መኪናው ራሱን እንዲያቆም ተደረገ።

ከዚህ እንደምንረዳው፥ ወረቀት የሚያስጠነቅቀው የሚያነበውን ሰው ነው። ከመኪናው በስተኋላ የሚጫወተው ሕፃን ግን ወረቀቱን አያየውም።