አሮጌው ራውተር እንዴት ድልድይ ሆነ?

በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ አንድ ነገር አለ፦ «ዋይፋዩ ቤት ውስጥ አለ፣ የሱቁ ዴስክቶፕ ግን የኬብል መሰኪያ ብቻ ነው ያለው። ምን ይሻላል?» ሸዋ ሮቢት ላይ በደሴ መንገድ ዳር ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ለሚሠራ ልጅ ይሄ የእንጀራ ጥያቄ ነው። መልሱ ምናልባት መሳቢያ ውስጥ የተጣለው ትርፍ ራውተር ነው። ታሪኩን ግን ልንገራችሁ።

እኛ አገር ግንኙነት በሽቦ ነው የጀመረው። በአፄ ምኒልክ ዘመን ከአዲስ አበባ ሐረር የተዘረጋው የስልክ መስመር 477 ኪሎ ሜትር ነበር። ዛሬም ቢሆን የሚያስቸግረው መሀል ላይ ያለው ገመድ ነው፤ አስፋልት ማቋረጥ አለ፣ የጎረቤት አጥር አለ፣ የቆላው ፀሐይም ላስቲኩን ይሰነጣጥቀዋል።

ይሄው ችግር በሃዋይ ደሴቶች ባሕር ሆኖ መጣ። የዩኒቨርሲቲው መምህር ኖርማን አብራምሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1971 «አሎሃኔት» የተባለውን የሬዲዮ መረብ ሥራ አስጀመሩ። ልብ በሉ! ተጠቃሚው ፊት ያለው መሣሪያ ሬዲዮ አያውቅም፤ በገመድ ከአንድ ሣጥን ጋር ይያያዛል፣ ሣጥኑ በአየር ያወራለታል። የኛ ድልድይ ራውተር የሚሠራው እኮ ይሄንኑ ነው።

የሚገርመው ደግሞ፣ ሮበርት ሜትካፍ እ.ኤ.አ. በ1973 ኤተርኔትን ሲያስብ መነሻው አሎሃ ነበር። ኬብሉ የሬዲዮ ልጅ ነው ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ 2.4 ጊጋኸርትዝን ጨምሮ የተወሰኑ ሞገዶችን ያለ ፈቃድ ለመገናኛ እንዲውሉ ከፈተች። በ1997 የዋይፋይ መለኪያ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ኢንተርኔት ኢትዮጵያ ገባ። ያኔ ድልድይ የሚሆነው ዕቃ ለብቻው በገንዘብ የሚገዛ ነበር። በ2002 መጨረሻ ሊንክሲስ የሸጠው ሰማያዊና ጥቁር ራውተር ግን ውስጡ ሊኑክስ ሆኖ ተገኘ። ፈቃዱ ስለሚያስገድድ ኩባንያው በ2003 ኮዱን ለቀቀ። ከዚያ ኦፕንደብሊውአርቲ ተወለደ፤ ተራው ራውተርም ድልድይ መሆን ቻለ። በኋላ አምራቾቹ ራሳቸው ሴቲንጉ ውስጥ አስገቡት።

እንግዲህ የእናንተን ራውተር ሴቲንግ ክፈቱና «ክላየንት»፣ «ደብሊውአይኤስፒ» ወይም «ደብሊውዲኤስ» የሚል ፈልጉ። ከሌለው አትድከሙ፤ ሁሉም አይችልም።

ልዩነታቸው እንዲህ ነው። የዋይፋይ ሕግ ተቀባዩን በራሱ አድራሻ ብቻ ነው የሚያውቀው። በ«ደብሊውአይኤስፒ» ከጀርባው ያሉት ዕቃዎች ሁሉ በአንድ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ደብዳቤ እንደሚቀበል ቤተሰብ ይሆናሉ። ኢንተርኔት ይሠራል፤ በዚያኛው ቤት ያለው ስልክ ግን የሱቁን ፕሪንተር ላያገኘው ይችላል። በ«ደብሊውዲኤስ» እያንዳንዱ በስሙ ይታወቃል፤ ብዙ ጊዜ ግን ሁለቱም ራውተሮች ሊደግፉት ይገባል። በዚህኛው መንገድ ከሄዳችሁ ሁለቱም 192.168.1.1 ሆነው እንዳይጋጩ ሁለተኛውን 192.168.1.2 አድርጉና ዲኤችሲፒውን አጥፉ። ራውተሩንም ዋይፋዩ ደህና በሚደርስበት ቦታ አስቀምጡት፤ ለሱ ያልደረሰውን ለዴስክቶፑ ሊያቀብል አይችልም።

«አሮጌ ነው» ተብሎ የትምህርት ቤት ላብ ጥግ የተቀመጠ ዴስክቶፕ ብዙ ጊዜ የጎደለው ይቺ ድልድይ ብቻ ናት። ራውተር ከመጣላችሁ በፊት ሴቲንጉን እዩት። እናንተ ባትፈልጉት የሚፈልገው ጎረቤት አይጠፋም።