«ኡ»፦ ፆታ የማይለይ ቃል

በኡዝቤክኛ «ኡ» ማለት እሱም እሷም ነው፤ «ያ»ም «ያቺ»ም ይሆናል። «ኡ ኬልዲ» ሲባል የመጣው ወንድ ይሁን ሴት ከቃሉ አይታወቅም። ሩሲያኛ ግን ይለያል፦ «ኦን ፕሪሾል» መጣ፣ «ኦና ፕሪሽላ» መጣች። አንደኛው የቱርክ፣ ሌላኛው የስላቭ ቋንቋዎች ወገን ነውና አያስገርምም።

እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ የአክብሮቱ ነገር ነው። ኡዝቤኮች ስለ ታላቅ ሰው ሲያወሩ «ኡ ኪሺ ኬልዲላር» ይላሉ። «ኪሺ» ሰው ማለት ነው፤ «ላር» ደግሞ የብዙ ቁጥር ምልክት። እኛስ «እሳቸው መጡ» ስንል ግሱን እንደ ብዙ ቁጥር አድርገን የለም? ፆታውም አብሮ ይጠፋል። ሩሲያኛ «ቪ» ብሎ ፊት ለፊቱ ያለውን ሰው አንቱ ይላል፤ ለ«እሳቸው» ግን የዛሬው መደበኛ ሩሲያኛ የተለየ ተውላጠ ስም የለውም። በዚህ ነጥብ አማርኛና ኡዝቤክኛ በጣም ይቀራረባሉ፤ ዝምድና ግን የላቸውም።

በሩሲያ አገዛዝ ዘመን ግን ፆታ ወደ ኡዝቤኮች በቤተሰብ ስም በኩል ገባ፦ ወንዱ ካሪሞቭ፣ ሴቷ ካሪሞቫ። ዛሬ ብዙ ኡዝቤኮች ደግሞ ከአባት ስም ቀጥሎ «ኦግሊ» ወይም «ቂዚ» ይጽፋሉ፤ የእገሌ ወንድ ልጅ፣ የእገሌ ሴት ልጅ ለማለት።