ፋይሉ የት ደረሰ?

መቼም ጉዳይ ኖሮት ከቢሮ ቢሮ ያልተንከራተተ ሰው የለም። «ፋይልዎ ገና ከመዝገብ ቤት አልወጣም»፣ «ኃላፊው ጋ ገብቷል»፣ «የሚፈርሙት ሰውዬ ስብሰባ ላይ ናቸው»። ይህ ጣጣ የእኛ ብቻ ይመስለናል። አይደለም። የፋይልን ጉዞ ለኮምፒዩተር የማስተማር ሙያ፣ ባለሙያዎቹ «ወርክፍሎው» የሚሉት፣ በአሜሪካ የተጸነሰው እነሱም በወረቀት ክምር ሲጨነቁ ነው።

ከሙያው ጀማሪዎች አንዱ የቺካጎው ልጅ ክላረንስ ኤሊስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958፣ በ15 ዓመቱ፣ አንድ ድርጅት ውስጥ የሌሊት ጥበቃ ተቀጠረ። ከሚጠብቀው ንብረት መካከል አዲስ ኮምፒዩተር ነበረ፤ እንዳይነካውም ተነግሮታል። መመሪያውን ማንበብ ግን ማን ከለከለው? ሌሊት ሌሊት አነበበው። መረጃ የሚበሳባቸው ካርዶች ያለቁ ጊዜ፣ ያገለገሉትን መልሶ መጠቀም እንደሚቻል የሚያውቀው ዘበኛው ልጅ ብቻ ሆኖ ተገኘ! በ1969 ከኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ፤ በኮምፒዩተር ሳይንስ የዶክትሬት ዲግሪ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ነው።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ኤሊስ በዜሮክስ የምርምር ማዕከል ውስጥ የቢሮ ሥራን ማጥናት ያዘ። እዚያ «ኦፊስቶክ» በተባለው ሙከራ ቅጽ በስክሪን ላይ ተሞልቶ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ይላክ ነበር። በ1979 ኤሊስ የቢሮን ሥራ በሥዕል የሚገልጽ ዘዴ አቀረበ፤ ሥራው ክብ፣ የመረጃው ማስቀመጫ አራት ማዕዘን፣ መንገዱ ቀስት። ዛሬም ሙያውን የሚማር ወጣት የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ማን ይጀምራል? ማን ያጸድቃል? ውድቅ ከሆነ ወዴት ይመለሳል?

ችግሩ ሥዕሉ ላይ የማይታየው ነው። እዚያው ማዕከል የነበረችው አንትሮፖሎጂስት ሉሲ ሰችማን በ1983 ባሳተመችው ጥናት የሂሳብ ሠራተኞችን ተመለከተች። ሰነድ ሲጎድል ሠራተኞቹ መመሪያ እያነበቡ አይቀመጡም፤ ከዚህም ከዚያም ፈልገው፣ ተጠያይቀው፣ የጉዳዩን ታሪክ መልሰው ይገጣጥሙታል። እዚህ ላይ ሥርዓት የተባለው ነገር የሚቆመው በሰዎቹ ብልሃት ነው።

በ1990 ደግሞ ማይክል ሐመር ሌላ ነገር አለ፤ አላስፈላጊውን ውጣ ውረድ ወደ ኮምፒዩተር ከማስገባት ማጥፋት ይሻላል። ሐሳቡ «ቢፒአር» ተብሎ የእኛንም መሥሪያ ቤቶች አዳርሷል።

እንግዲህ የትኛው ደረጃ ትርፍ፣ የትኛው ብልሃት እንደሆነ በምን ይለያል? ሥራን ለሠሪው ይባላል። ኮዱን ከመጽሐፍ መማር ይቻላል፤ ይህን ግን የሚያውቁት የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ናቸው። ፕሮግራም ሠሪው ቀስቱን ከመሳሉ በፊት አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ይጠይቃቸው። አለበለዚያ የምናገኘው ያንኑ «ነገ ተመለስ» ነው። ሰው ሲለን እንኳ ለምነን፣ አስረድተን እናልፍ ነበር። ማሽን ግን አይለመንም።