የኮሌጅ ማመልከቻ ድርሰት ከየት መጣ?

ልጆቻችን ኮሌጅ ለመግባት ሲያመለክቱ «ስለ ራስህ ጻፍ» መባላቸው ግራ የሚያጋባን ወላጆች ጥቂት አይደለንም። እኛ ያደግነው በማትሪክ ነው፤ ውጤታችንን እንጂ ማንነታችንን የጠየቀን ዩኒቨርሲቲ አልነበረም። እኔም በአገር ቤት ሁለተኛ ደረጃ ሳስተምር ተማሪዎቼን የማዘጋጀው ለዚያው ፈተና ነበር።

አሜሪካም ቀድሞ ከዚህ ብዙ አይርቅም ነበር። ሃርቫርድን የመሳሰሉት ኮሌጆች እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ በአመዛኙ ፈተናቸውን ያለፈውን ይቀበሉ ነበር። ኋላ ግን የስደተኛ አይሁዶች ልጆች በብዛት ማለፍ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1922 ከሃርቫርድ አዲስ ገቢዎች ከአምስቱ አንዱ ያህል አይሁዳዊ ነበር። ፕሬዚዳንቱ ሎውል ቁጥራቸው በኮታ ይገደብ ቢሉም ግልጽ ኮታው ተቀባይነት አጣ። በ1926 ግን ከውጤት በተጨማሪ «ጠባይ» ይመዘን ተባለ። ፎቶግራፍ፣ የድጋፍ ደብዳቤ፣ ቃለ መጠይቅና ስለ ራስ የሚጻፍ ድርሰት በእነዚያ ዓመታት ከታላላቅ ኮሌጆች መመዘኛዎች መካከል ገቡ። በፈተና ያልተዘጋው በር በ«ጠባይ» ጠበበ፤ የአይሁድ ተማሪዎችም ቁጥር ቀነሰ።

ታሪክ ግን ይገለበጣል። በስደተኛ ልጅ ላይ በር ለመዝጋት ያገለገለው ወረቀት ዛሬ ለስደተኛ ልጅ መናገሪያ ሆኗል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2023 ዘርን የመግቢያ መመዘኛ ማድረግን ሲከለክል፣ አመልካቹ ዘሩ በሕይወቱ ላይ ያሳደረውን ተጽዕኖ ቢጽፍ፣ ያ ታሪክ ጠባዩን ወይም ችሎታውን እስካሳየ ድረስ ኮሌጁ ሊመለከተው እንደሚችል ገልጿል።

እንግዲህ ልጅዎ እንዴት ይጻፍ? የጋራ ማመልከቻ የሚባለው ቅጽ የሚፈቅደው ከ650 ቃላት አይበልጥም። አንዳንዱ ልጅ ግማሹን በአስገራሚ መግቢያ ይጨርሰዋል፤ ሰሙ ያምራል፣ ወርቁ ግን የለም። ሌላው ደግሞ ሽልማቱን እንደ ዕቃ ዝርዝር ይደረድራል። ሐኪም ቤት ለእናቱ ያስተረጎመ ልጅ የከበደውን አንድ ቃል፣ ያን ጊዜ የወሰነውንና የተማረውን ቢጽፍ ግን ሁለቱንም ያገኛል። ፈጠራው ከየት እንደሚጀምር በመምረጡ ላይ ነው፤ ቁም ነገሩ የራሱ መሆን አለበት።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ድርሰቱን እኛ አንጻፍለት፤ መከራችንንም እንዲሸጥ አንገፋፋው። ይልቅ ቁጭ ብለን እንጠይቀው፤ የሚጽፈው ነገር ያለው እዚያው ቤታችን ውስጥ ነው።