የሥራ ዝለት (በአእምሮ ጤና ባለሙያዎች)

የሥራ ዝለት በሥራ ቦታ የሚያጋጥም የረጅም ጊዜ ውጥረት መፍትሔ ሲያጣ የሚከተል የአካልና የመንፈስ መዛል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. በሽታ ሳይሆን የሥራ ክስተት ብሎ መድቦታል፤ መለያዎቹም የጉልበት መሟጠጥ፣ ከሥራው በስሜት መራቅና የብቃት መቀነስ ናቸው።

እንዲህ ያለውን ውጥረት ወረርሽኝ ሊያባብሰው ይችላል። ኮቪድ-19 ኢትዮጵያ ውስጥ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. መገኘቱ ሲታወቅ፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያዎችን ጨምሮ የጤና ሠራተኞች በመደበኛ ሥራቸው ላይ የወረርሽኙ ሸክም ተጨመረባቸው። በቡራዩ አካባቢ እንዳለው የገፈርሳ የአእምሮ ጤና ማገገሚያ ባሉ ተቋማት ሕሙማን አብረው ስለሚኖሩ፣ ርቀትን መጠበቅ አስቸጋሪ ነበር። ጭምብልም የፊትን ገጽታ ሸፍኖ፣ መተማመን ላይ የተመሠረተውን ምክክር ያከብደው ነበር።

የሥራ ዝለት መከላከያው የግለሰብ ብርታት ብቻ አይደለም፤ በቂ የሰው ኃይል፣ ፍትሐዊ የተረኝነት ድልድል፣ የመከላከያ ቁሳቁስና ያለ ሐፍረት የሚገኝ የሥነ ልቦና ድጋፍ ያስፈልጋል። የባለሙያውን ጤና መጠበቅ የሕሙማኑን ደኅንነት መጠበቅ ነው።