የጠገራው ብር ዕድሜ

ባለፈው ወር እዚሁ ኮሊንግዉድ፣ ስሚዝ ስትሪት ላይ አንዲት አገራችን እናት በታክሲዬ አሳፍሬ ነበር። ከነጠላቸው ጫፍ አንድ ጠገራ ብር ፈትተው አሳዩኝና፣ «ልጄ፣ የታሪክ አስተማሪ ነበርክ አሉ። ይኸው 1780 ይላል። ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው ዕቃ የልጅ ልጄን ትምህርት አይከፍልልኝም?» አሉኝ።

ምናልባት በእናንተም ሻንጣ አንድ ጠገራ ይኖር ይሆናልና ለእሳቸው የመለስኩትን ላካፍላችሁ።

እ.ኤ.አ. 1780 ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው እንጂ ብሩ ሁሉ የተመታበት አይደለም። ነጋዴው ከለመደው መልክ ሌላ አልቀበልም ስላለ ቪየና ዓመቱን ሳትለውጥ መምታቷን ቀጠለች፤ ዛሬም ትመታለች። አባቶቻችን የንግሥቲቱን ጌጥ ዕንቁዎች ሳይቆጥሩ አይቀበሉም ነበር። አፄ ምኒልክ መልካቸውን የያዘውን የ1887 ዓ.ም. ብር ፓሪስ አስመትተው ሲያወጡ እንኳ ገበያው ከጠገራው አልተላቀቀም።

የሚያሳዝነው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ሙሶሊኒ ብሩ የሚመታበትን ቅርጽ ከቪየና አስመጥቶ ለወረራው ወጪ ሮማ ላይ አስመታ። በጠርዙ ዙሪያ በላቲን «ፍትሕና ምሕረት» ተብሎ የተጻፈበት ገንዘብ ለዚያ ዋለ! እንግሊዝም ወዲያው ለንደን ላይ ታስመታ ጀመር። እንግዲህ በእጃችሁ ያለው ከዓድዋ በፊት ወይም ከማይጨው በኋላ የተመታ ሊሆን ይችላል፤ የሚለየው ባለሙያ ብቻ ነው።

በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የወረቀት ገንዘብ ሲወጣ ጠገራው ከገበያ እየራቀ ሄደ፤ ብዙውንም አንጥረኛ አቅልጦ መስቀልና አምባር አደረገው።

ዋጋውስ? ክብደቱ 28 ግራም ሲሆን 23.4 ግራም ያህሉ ንጹሕ ብር ነው። ገዢው ብዙውን ጊዜ የሚከፍለው ለዚህ እንጂ ለ1780 አይደለም። ሰብሳቢ የሚፈልገው ዓይነት ቢሆን እንኳ በአመድ ከፈተጋችሁት ዋጋው ይወድቃል።

ይህን ስነግራቸው እናቲቱ ዝም አሉ። ቆይተውም፣ «ለእናቴ ጥሎሽ የመጣ ነው። በግራም ከሆነስ አልሸጠውም፤ ለትምህርቱ እግዚአብሔር ያውቃል» ብለው መልሰው ቋጠሩት።

እናንተም ከመሸጣችሁ በፊት አስመዝኑት፤ ከማስመዘናችሁም በፊት ከማን እጅ እንደመጣ ቤተሰባችሁን ጠይቁ።