ከምድጃ ወደ ጭሰኛ



ለዛሬው ንግግሬ መነሻ የሆነኝ «ሃርዝ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ነው። መዝገበ ቃላት «ምድጃ» ብሎ ይፈታዋል፤ ቃሉ ግን ከምድጃው አልፎ ቤትን፣ ቤተሰብን፣ ግብርንም ሰይሟል። እ.ኤ.አ. ከ1662 እስከ 1689 በእንግሊዝ ለእያንዳንዱ ምድጃ በዓመት ሁለት ሽልንግ ይከፈል ነበር። ቆጣሪው ቤት ድረስ ገብቶ ስለሚያይ ምድጃውን በጡብ የሚደፍን አልጠፋም። ባይዛንታውያንም በቤተሰብ ቁጥር የሚጥሉትን ግብር ከ«ጭስ» አውጥተው «ካፕኒኮን» ብለውታል።

አማርኛም በዚሁ መንገድ ሄዷል፤ የደረሰበት ስፍራ ግን ሌላ ነው። ሦስት ጉልቻ መመሥረት ትዳር መያዝ ነው። ጉልቻ ያለበት ቤት ይጨሳል፤ ከዚያም «ጭሰኛ» ወጣ። የባለርስቱም ቤት ይጨሳል፤ እርሱን ግን ጭሰኛ የሚለው የለም። ቃሉ የተሰጠው በሌላው መሬት ላይ ጎጆ ቀልሶ ለሚያጨሰው ብቻ ነው። ባለርስቱ መሬቱን የሚጠይቀው የአያት የቅድመ አያቱን ስም ቆጥሮ ሲሆን፣ ጭሰኛው የሚቆጥረው እንዲህ ያለ ስም የለውም፤ መኖሩን የሚያሳውቀው ጭሱ ነው።

በደቡብ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ከምኒልክ ዘመን መስፋፋት ወዲህ መሬቱ በቀላድ እየተለካ ለሹምና ለወታደር ሲታደል፣ ብዙ ነባር ገበሬ በአባቶቹ ማሳ ላይ ጭሰኛ ሆነ። ከምርቱ ሲሶ፣ አንዳንዴም እኩሌታ ይሰጥ ነበር፤ ውሉም በአብዛኛው የቃል ስለሆነ ባለመሬቱ ሲፈልግ ያስነሣዋል። የካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት ለዚህ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አድርጎ ጭሰኝነትን ሻረ።

ቃሉ ግን አልተሻረም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሬት እንዳይሸጥ ከደነገገ ወዲህ ገበሬውን «የመንግሥት ጭሰኛ» የሚሉ ተከራካሪዎች አሉ። እኔ ንጽጽሩን በግማሽ ብቻ እቀበላለሁ፤ የዛሬው ገበሬ ይዞታውን ለልጁ ያወርሳል፣ የቀድሞው ጭሰኛ ግን ይህ መብት አልነበረውም።

በምኖርበት በብስራተ ገብርኤል፣ ባለፈው ሰሞን ኪራይ የተጨመረበት ጎረቤቴ «እኛ ጭሰኞች ምን አቅም አለን?» ሲል ሰማሁት። የሚኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ የሚያበስለውም በኤሌክትሪክ ምድጃ ነው።